እማኝ፣ ዋስና መያዣ፦ የብሎክቼይን አረጋጋጭ አንጓ አጭር ታሪክ



የዛሬው ርእሴ በከፊል የታሪክ፣ በከፊል የኮምፒውተር ሳይንስ ነው። አንድ ሰው በሊኑክስ በሚሠራ ሰርቨር ላይ የብሎክቼይን አረጋጋጭ አንጓ ለመትከል ሲነሣ በቅደም ተከተል የሚፈጽማቸው ተግባራት አሉ። ማሽኑን ያዘጋጃል፤ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ የማያስፈልጉ በሮችን ይዘጋል፤ ምስጢራዊ ቁልፍ ያወጣል፤ በመጨረሻም ንብረቱን መያዣ ያደርጋል። እነዚህ ተግባራት በመመሪያ ሰነዶች ላይ በተራ ቁጥር ተዘርዝረው ስለሚገኙ ታሪክ ያላቸው አይመስሉም። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በስተጀርባ አንድ አሮጌ ጥያቄ አለ፤ ብዙ ጊዜም ለመልሱ የተከፈለ ዋጋ አለ። ጥያቄው «የማላውቀውን ምስክር እንዴት አምነዋለሁ?» የሚለው ነው።

በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ሦስት ቃላት

ቋንቋችን ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅሙ ሦስት የተለያዩ ቃላት አሉት። እማኝ ማለት ያየውን የሚመሰክር ነው። ዋስ ማለት ሌላው ቢያጠፋ በእርሱ ፈንታ የሚጠየቅ ነው። መያዣ ደግሞ ግዴታው ባይፈጸም የሚወረስ ንብረት ነው። በሀገራችን ታሪክ የመሬት ስጦታና ሽያጭ በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ከጽሑፉ በታች የእማኞች ስም ይደረደራል፤ መዝገቡን የሚፍቅ ወይም የሚለውጥ ሰው የተወገዘ እንዲሆንም ይጨመራል። ይህ ሥርዓት የሚሠራው እማኙ በስሙ፣ በትውልዱና በአገሩ የታወቀ በመሆኑ ነው። በሐሰት ቢመሰክር ሊያጣው የሚችል ክብር አለው፤ የሚፈራውም ግዝት አለ።

ብሎክቼይን የምንለው በብዙ ማሽኖች ዘንድ በአንድ ዓይነት ቅጂ የሚጠበቅ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ገጽ፣ ማለትም ብሎክ፣ የቀደመውን ገጽ የሂሳብ አሻራ ይዞ ስለሚጻፍ አሮጌውን ገጽ ሳይታወቅ መፋቅ አይቻልም። መዝገቡን የሚይዘው እያንዳንዱ ማሽን አንጓ ይባላል። ከአንጓዎቹ መካከል አዲሱ ገጽ ትክክል ነው ብሎ ፊርማውን የማኖር መብት ያለው ደግሞ አረጋጋጭ ይባላል። ይህ አረጋጋጭ እማኝ ነው፤ ነገር ግን ስሙ አይታወቅም፣ ፊቱ አይታይም፣ የሚኖርበት አገርም አይጠየቅም። ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ ችግር ነው።

ከጄኔራሎቹ እስከ ጋዜጣው

በ1982 ሌስሊ ላምፖርት፣ ሮበርት ሾስታክና ማርሻል ፒዝ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች «የቢዛንታይን ጄኔራሎች ችግር» በሚል ርእስ አንድ ጥናት አሳተሙ። ምሳሌው ቀላል ነው። ጄኔራሎች አንድን ከተማ ከብበዋል፤ የሚገናኙት በመልእክተኛ ብቻ ነው፤ ከመካከላቸውም ከሃዲዎች አሉ። ታማኞቹ በአንድ ውሳኔ ሊጸኑ የሚችሉት እንዴት ነው? የጥናቱ መልስ፣ መልእክቱ ያልተፈረመ ሲሆን፣ ከሃዲዎቹ ከጠቅላላው ከአንድ ሦስተኛ ማነስ አለባቸው የሚል ነበር። አንድ ከሃዲን ለመቋቋም ቢያንስ አራት ጄኔራሎች ያስፈልጋሉ። ይህን አንድ ሦስተኛ የሚባል ወሰን በአእምሯችሁ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፤ ከአርባ ዓመት በኋላ በሰርቨሮች ላይ እንደገና እናገኘዋለንና።

በ1991 ስቱዋርት ሄበርና ስኮት ስቶርኔታ የዲጂታል ሰነድ ዕለቱ እንዳይጭበረበር የሚያደርግ ዘዴ አቀረቡ። የሰነዶችን አሻራ አንዱን ከሌላው ጋር በሰንሰለት ማያያዝ ነበር ዘዴው። ያቋቋሙት ድርጅት ከ1995 ጀምሮ የሳምንቱን ድምር አሻራ በኒው ዮርክ ታይምስ የማስታወቂያ ዓምድ ያሳትም ጀመር። ጋዜጣው በየቤተ መጻሕፍቱ ስለሚቀመጥ ያን ቁጥር ለመለወጥ የሁሉንም ቅጂ ማጥፋት ያስፈልጋል። ሰንሰለቱ በዚህ ጊዜ ተገኝቶ ነበር ማለት ይቻላል። እማኙ ግን ገና አንድ የታወቀ ጋዜጣ ነው።

በ2002 ጆን ዱሱር ችግሩን ይበልጥ አጠበቀው። ማንም በነጻ ሊገባበት በሚችል ኔትወርክ ውስጥ አንድ ሰው ሺህ ስም አውጥቶ ሺህ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል አለ። በድምፅ ብልጫ መወሰን ትርጉም የሚኖረው ድምፅ ሰጪዎቹ በእርግጥ የተለያዩ ሰዎች ከሆኑ ነው። ስለዚህ ላልታወቀ እማኝ የስምን ምትክ መፈለግ ግድ ሆነ።

ድካም እንደ ዋስ

የመጀመሪያው ምትክ ድካም ነበር። ሲንቲያ ድወርክና ሞኒ ናኦር በ1992 የማይፈለጉ ኢሜይሎችን ለመከላከል ላኪው ኮምፒውተር ጥቂት አድካሚ ስሌት እንዲሠራ ሐሳብ አቅርበው ነበር። አዳም ባክም በ1997 ይህን የመሰለ ዘዴ በተግባር አዋለ። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ሰው ወይም ቡድን ኦክቶበር 31 ቀን 2008 ባሰራጨው ጽሑፍ፣ ቀጥሎም ጃንዋሪ 3 ቀን 2009 በተጀመረው የቢትኮይን ሰንሰለት፣ ድካሙን የመዝገብ መጻፊያ መብት አደረገው። ሺህ ስም ማውጣት ነጻ ነው፤ ሺህ ማሽን ማንቀሳቀስ ግን ኤሌክትሪክ ያስከፍላል።

ይህ መፍትሔ ሁለት ጉድለቶች ነበሩበት። አንደኛው የታወቀው የኃይል ፍጆታ ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው፦ የተቃጠለ ኤሌክትሪክ ተመልሶ አይቀጣም። ያጠፋ ማዕድን ቆፋሪ ያወጣውን ወጪ ያጣል እንጂ ማሽኑን ማንም አይወርስበትም።

በ2012 ሰኒ ኪንግና ስኮት ናዳል ፒርኮይን በተባለው ሥርዓት ሌላ መንገድ ሞከሩ። የመመስከር መብት በተያዘው ገንዘብ መጠን እንዲወሰን አደረጉ። ወዲያው ግን አዲስ ችግር ታየ። ሰንሰለቱ ለሁለት ቢከፈል መመስከር ምንም ወጪ ስለሌለው፣ ብልጥ እማኝ በሁለቱም ወገን ይፈርማል። በአንድ ክርክር ለከሳሽም ለተከሳሽም የሚመሰክር ሰው እንደ ማለት ነው።

በጃንዋሪ 2014 ቪታሊክ ቡተሪን ባወጣው ጽሑፍ ሁለት የሚቃረኑ ፊርማዎች ያኖረ አረጋጋጭ እንዲቀጣ ሐሳብ አቀረበ። በዚያው ዓመት ጄ ክዎን ቴንደርሚንት በተባለው ንድፉ አረጋጋጮች አስቀድመው ገንዘብ እንዲያስይዙ፣ ቢያታልሉም እንዲወረሱ አደረገ። ሁለት የሚቃረኑ ፊርማዎች ራሳቸው ማስረጃ ናቸው፤ ዳኛም መርማሪም አያስፈልግም። እማኙ ያልታወቀ ሆኖ ቢቀርም መያዣው ታወቀ። በእኔ እይታ የዚህ ታሪክ ዋነኛው መታጠፊያ ይህ ነው።

ሁሉም ወገን ግን ይህን መንገድ አልተከተለም። በ2017 አጌሎስ ኪያያስና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ኡሮቦሮስ፣ የካርዳኖ ሰንሰለት የተመሠረተበት ንድፍ፣ መያዣን አይወርስም፤ አረጋጋጩን በሽልማት ይስባል፣ ከስምምነቱ የወጣውንም ሽልማት ይነሳል። ቅጣት ወይስ ሽልማት የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ሠላሳ ሁለት ኢተር

ከጁላይ 2015 ጀምሮ በድካም ሲጠበቅ የቆየው ኢቴሪየም ወደ መያዣ የተሸጋገረው ቀስ በቀስ ነው። የመያዣ መቀበያው በኖቬምበር 2020 ተከፈተ። እያንዳንዱ አረጋጋጭ 32 ኢተር ማስያዝ ነበረበት። አዲሱ ሰንሰለት ዲሴምበር 1 ቀን 2020 በ21,063 አረጋጋጮች ሥራ ጀመረ። እነዚህ ሰዎች ያስያዙትን ገንዘብ መቼ መልሰው እንደሚያገኙ በወቅቱ የተቆረጠ ቀን አልነበረም፤ ማውጣት የተፈቀደው ኤፕሪል 12 ቀን 2023 ነው።

አሮጌውና አዲሱ ሰንሰለት የተዋሐዱት ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ላይ ነበር። የኢቴሪየም ፋውንዴሽን ግምት እንደሚለው የኃይል ፍጆታው 99.95 በመቶ ቀነሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጊዜ በ12 ሰከንድ ክፍሎች ይቆጠራል፤ 32 ክፍሎች አንድ ዙር ይሆናሉ፤ አንድ ዙር ስድስት ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ነው። አንድ ገጽ የማይሻር የሚሆነው ከተያዘው ገንዘብ ሁለት ሦስተኛውን የሚወክሉ አረጋጋጮች ሲፈርሙበት ነው። ከአንድ ሦስተኛ በላይ ዝም ካሉ ወይም ካታለሉ መዝገቡ አይጸናም። እነሆ የ1982 ጄኔራሎች ወሰን።

ሰርቨሩ እንደ ታሪክ ሰነድ

አሁን ወደ ማሽኑ እንግባ። አንድ አረጋጋጭ የሚተክለው ሰርቨር ራሱ የተደራረበ የታሪክ ሰነድ ነው።

ሊኑክስን ሊነስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1991 ይፋ አደረገው። ከሩቅ ሆኖ ሰርቨሩን ለማዘዝ የምንጠቀምበትን ኤስኤስኤች የተባለ የተመሰጠረ መግቢያ ደግሞ ታቱ ይሎነን በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ጻፈው፤ ምክንያቱም በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃላት ተሰርቀው ስለ ነበር። የዛሬው መመሪያ «በይለፍ ቃል መግባትን ዝጋ፣ በቁልፍ ብቻ ግባ» ሲል የሚናገረው ያን ስርቆት በማስታወስ ነው። ኮምፒውተሮች ሰዓታቸውን በኔትወርክ የሚያስማሙበት ሥርዓት በ1985 በዴቪድ ሚልስ ተዘጋጀ። ፕሮግራሞችን የሚያስነሣውና ሲወድቁ መልሶ የሚያቆመው ሲስተምዲ የመጣው በ2010 ነው። ከእነዚህ አንዱም ለገንዘብ መዝገብ የተሠራ አልነበረም።

በዚህ መሠረት ላይ ሁለት ፕሮግራሞች ይተከላሉ። አንደኛው ግብይቶችን የሚፈጽም ነው፤ ጌት፣ ኔዘርማይንድና ቤሱ የዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ስምምነቱን የሚከታተል ነው፤ ላይትሃውስ፣ ፕሪዝም፣ ቴኩና ኒምበስ የዚህኛው ወገን ናቸው። ሁለቱ በአንድ ማሽን ውስጥ የሚነጋገሩት በአንድ ፋይል ውስጥ በተጻፈ የጋራ ምስጢር ነው። ለምን ሁለት ሆኑ? መልሱ ታሪካዊ ነው። እስከ ሴፕቴምበር 2022 ድረስ ሁለት የተለያዩ ሰንሰለቶች ነበሩ፤ በዚያች ጠዋት የተሰፉበት ስፌት በእያንዳንዱ ሰርቨር ላይ ይታያል።

ጠንቃቃ አስተዳዳሪ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ወደ ማሽኑ መግባት የማይችል የተለየ ተጠቃሚ ይከፍታል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላውን እንዳይነካ ነው። በፋየርዎሉ ላይ ከሌሎች አንጓዎች ጋር የሚያገናኙትን በሮች ብቻ ይከፍታል፤ ሁለቱ ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበትን በር ለውጭ ፈጽሞ አይከፍትም። መዝገቡን የሚሸከም ቢያንስ 2 ቴራባይት ፈጣን ዲስክ ያዘጋጃል። የመፈረሚያ ቁልፎቹን ከኢንተርኔት በተለየ ማሽን ያወጣል፤ ሁሉም የሚመነጩባቸውን 24 ቃላት ደግሞ በወረቀት ወይም በብረት ላይ ጽፎ ይደብቃል። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የዘመናዊው መዝገብ የመጨረሻ ዋስትና በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው።

ሦስት ውድቀቶች

የአንድ ሥርዓት ባሕርይ የሚታወቀው ሲወድቅ ነውና ሦስት ምሳሌዎችን አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው የሰዓት ነው። ዋናው ሰንሰለት ከመጀመሩ በፊት ሜዳላ የተባለ የሙከራ ሰንሰለት በኦገስት 2020 ተከፍቶ ነበር። ኦገስት 14 ቀን ብዙዎቹ አንጓዎች ይጠቀሙበት የነበረው ፕሪዝም ሰዓቱን የሚያሰላው ከስድስት ምንጮች አማካይ ነበር። ከስድስቱ አንዱ ሃያ አራት ሰዓት ቀድሞ ተናገረ፤ አማካዩም አራት ሰዓት ወደ ፊት ተገፋ። ማሽኖቹ ገና ላልመጣ ጊዜ መመስከር ጀመሩ። ስሕተቱን ለማረም በተደረገው ጥድፊያም ብዙዎች የሚቃረን ፊርማ አኑረው ተቀጡ፤ ሰንሰለቱም ለቀናት መጽናት አቃተው። የሙከራ ገንዘብ ስለ ነበር ማንም አልደኸየም። ነገር ግን «በመጀመሪያ ሰዓትህን አስተካክል» የሚለው ትእዛዝ ከዚያ ወዲህ የተለየ ክብደት አገኘ።

ሁለተኛው የጥንቃቄ ብዛት የሚያመጣው ውድቀት ነው። የመያዣ ቅጣት ከደረሰባቸው አረጋጋጮች አብዛኞቹ ሌቦች አልነበሩም። ማሽኔ ቢቆምስ ብለው ያንኑ ቁልፍ በሁለተኛ ሰርቨር ላይ ያኖሩ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ማሽኖች ባንድነት ሲነሡ አንዱ እማኝ ሁለት ቃል ሰጠ፤ ሕጉም ቀጣው። ሰርቨሩ ለአንድ ሰዓት ቢቆም የሚቀረው ጥቂት ሽልማት ነው፤ ሁለት ጊዜ ቢፈርም ግን መያዣው ይነካል፣ ከአረጋጋጮችም ተራ ይወጣል። የሁሉም መሐንዲስ ደመ ነፍስ መጠባበቂያ ማዘጋጀት ነውና ይህን ልማድ መተው ቀላል አልነበረም።

ሦስተኛው የአንድነት ውድቀት ነው። ሜይ 11 እና 12 ቀን 2023 የኢቴሪየም ሰንሰለት በመጀመሪያው ቀን ለሃያ አምስት ደቂቃ ያህል፣ በሁለተኛው ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ገጾቹን ማጽናት አቃተው። ፕሪዝምና ቴኩን የሚጠቀሙ ማሽኖች ከአቅም በላይ ተጨናንቀው ነበር፤ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ስለ ቀጠሉ ሰንሰለቱ አልቆመም። ከዚያ ቀደም ብሎ በኖቬምበር 2022 አንድ የጀርመን የሰርቨር አከራይ ሶላና የተባለውን ሰንሰለት አንጓዎች ከማሽኖቹ ሲያግድ፣ ከተያዘው ገንዘብ አንድ አምስተኛ ገደማ የሚወክሉ አረጋጋጮች በአንድ ጊዜ ከመስመር ወጡ። በወረቀት ላይ ብዙ የነበሩት እማኞች በአንድ ጣሪያ ሥር ያደሩ ነበሩ። የኢቴሪየም ሕግ ይህን አስቀድሞ ገምቶ፣ ብዙዎች በአንድ ጊዜ ሲያጠፉ ቅጣቱ ለእያንዳንዳቸው እንዲጨምር አድርጓል። ብቻውን የተሳሳተ በቀላሉ ይቀጣል፤ ከብዙዎች ጋር የተሳሳተ በከባዱ። በሰው ልጅ የሕግ ታሪክ ብዙም ያልተለመደ አስተሳሰብ ነው።

እማኙ የማያየው

ይህ ታሪክ እኛን በቀጥታ የሚነካበት ነጥብ አለ። በኤፕሪል 2021 መጨረሻ የኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴርና የካርዳኖ አልሚ ድርጅት የተማሪዎችን መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ በካርዳኖ ሰንሰለት ላይ ለመመዝገብ መስማማታቸውን አስታወቁ። የተነገረው ዕቅድ 5 ሚሊዮን ተማሪዎችን፣ 750,000 መምህራንንና 3,500 ትምህርት ቤቶችን የሚመለከት ነበር። በወቅቱ ብዙ ተወራ፤ «ከእንግዲህ ሐሰተኛ ማስረጃ አበቃ» የሚል ንግግርም ተሰማ።

እንደ ታሪክ ሰው ሁለት ነገሮችን ማስታወስ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ የካርዳኖ ገጾች ከ2017 ጀምሮ ለዓመታት የሚጻፉት በመሥራች ተቋማቱ አንጓዎች ነበር፤ የመጻፉ ሥራ ሙሉ በሙሉ ወደ ሕዝብ አንጓዎች የተላለፈው በማርች 2021 መጨረሻ፣ ማለትም ስምምነቱ ከመነገሩ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው። እማኞች በአንድ ቀን አይበዙም። ሁለተኛውና ዋነኛው ነጥብ፣ አረጋጋጭ የሚመሰክረው በመዝገቡ ቅደም ተከተልና በፊርማው ትክክለኛነት ላይ ብቻ መሆኑ ነው። አንድ ሬጅስትራር ያልተገኘ ውጤት ቢያስገባ፣ በመላው ዓለም ያሉ አንጓዎች ሁሉ ያን ሐሰት በታማኝነት ይጠብቁታል፤ እንዳይፋቅም ያደርጉታል። ማኅተም መስረቅን ይከላከላሉ፤ ማኅተሙን የያዘው ሰው ውሸት ቢጽፍ ግን አያውቁም። በወንጌሉ ኅዳግ ላይ የተዘረዘረው እማኝ ግን መሬቱን ያውቀው ነበር።

«ይህ ቴክኖሎጂ መተማመንን አስቀረ» የሚለው አባባል እንግዲህ ታሪኩን አይገልጸውም። መተማመን ቦታ ለወጠ። ከእማኙ ስም ወደ ድካሙ፣ ከድካሙ ወደ መያዣው፣ ከመያዣው ደግሞ ሰዓቱን ወደሚያስተካክለው፣ ቁልፉን ወደሚጠብቀውና ፕሮግራሙን ወደሚመርጠው ሰው እጅ ተዛወረ። ያ ሰው የት ነው ያለው? መብራት በማይቋረጥበትና ኢንተርኔት በረከሰበት አገር ከሆነ፣ እማኝነቱም የዚያ አገር ነው። መዝገቡን የሚጠቀም ሁሉ በእማኞች መካከል ወንበር የለውም፤ ወንበር ያለው አንጓ የተከለው ነው።

ስለዚህ ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎቻችን የማቀርበው ምክር አጭር ነው። ገንዘብ ሳታስይዙ፣ በሙከራ ሰንሰለት ላይ፣ በአንድ ተራ ማሽንና በሊኑክስ አንድ አንጓ ትከሉ። መብራት ሲጠፋ፣ ዲስክ ሲሞላ፣ ሰዓት ሲዛነፍ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ፤ መዝግቡትም። አንድ ቀን ተቋማችን የተማሪዎቹን ማስረጃ ለእንዲህ ያለ መዝገብ አደራ ለመስጠት ቢወስን፣ በጠረጴዛው ዙሪያ «እማኞቹ እነማን ናቸው? መያዣቸውስ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሊኖር ይገባል። ያ ሰው ከእናንተ መካከል እንዲሆን እመኛለሁ።